የሳን ሆዜን ድምፅ ይዘው የሄዱት ጋሽ ሙሄ

ጋሽ ሙሄ ማረፋቸውን የሰማሁት ማውንቴን ቪው፣ አውቶቡሴን አቁሜ የምሳ ዕቃዬን ልከፍት ስል ነው። የደወሉልኝ ባለቤታቸው እትዬ በላይነሽ ናቸው። "ሙሄ አረፈ" አሉኝ። ምን ብዬ እንደማጽናናቸው ሳስብ እሳቸው ቀደሙኝ፤ "የሳን ሆዜ ሰዎች የሚመጡ ይመስልሻል?" አሉ። ባሏ የሞተባት ሴት መጀመሪያ የምትጠይቀው ይህን ነው ወይ የሚል ይኖራል። እኔ ግን ጥያቄው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ ከሁለት ዓመት በላይ ስብሰለሰልበት ኖሬያለሁ። ይመጣሉ አልኳቸው። እርግጠኛ ግን አልነበርኩም።

ከጋሽ ሙሄ ጋር ያገናኘን ሥራ ነው። ሁለታችንም የአንድ የኮምፒውተር ኩባንያ ሠራተኞችን በአውቶቡስ የምናመላልስ ሾፌሮች ነበርን። ጠዋት ሰዎቹን ከሳን ሆዜም ከኦክላንድም ሰብስበን ማውንቴን ቪው እናራግፋለን፤ ሲመሻሽ መልሰን እንወስዳቸዋለን። መሃሉን የምንውለው ፓርኪንጉ ውስጥ ነው። አንዳንዱ ሾፌር ይተኛል፣ አንዳንዱ ስልኩ ላይ ያፈጣል። ጋሽ ሙሄ ይከራከራሉ። ስለ ኳስ፣ ስለ ጎማ ንፋስ፣ ስለ ሙዝ አበሳሰል፣ የመጣው ይምጣ። ተከራካሪ ካጡ ትናንት ራሳቸው ያሉትን ዛሬ ይቃወማሉ።

መቀመጥ የሚባል ነገር አይሆንላቸውም። ጎማውን በጫማቸው ነካ ነካ እያደረጉ አውቶቡሱን ሲዞሩት ይውላሉ፤ ክርክሩ ሲሞቅ ቆባቸውን አውልቀው ጣታቸው ላይ ያሽከረክሩታል፤ ሊረቱ ሲሉ ደግሞ "ሶላቴ ደረሰ" ብለው ምንጣፋቸውን ይዘው ከአውቶቡሱ ጀርባ ይሰወራሉ። አንድ ቀን፣ ሰዓቱ ገና ነው እኮ ብላቸው፣ ለተረታ ሰው ሁልጊዜም ደርሷል ብለው እየሳቁ ሄዱ።

የወሎ ሰው ናቸው፤ እትዬ በላይነሽ ደግሞ ክርስቲያን። ጋሽ ሙሄ ረመዳንን ሲጾሙ ማፍጠሪያውን የሚያሰናዱት እትዬ በላይነሽ ናቸው። እትዬ በላይነሽ ሁዳዴን ሲይዙ ጋሽ ሙሄ ሥጋ ይዘው ቤት አይገቡም። ይህን እንደ ተአምር የሚያደንቅላቸው ሰው ሲገጥማቸው ይበሳጫሉ። እኛ አገር ይሄ ወሬ አይደለም ይላሉ። እኔ አራት ኪሎ ተወልጄ ያደግሁ ነኝና፣ የአዲስ አበባ ልጅ ሁሉን ነገር በዓል ያደርገዋል እያሉ ይተርቡኛል።

እዚህ ላይ ስለ እድራችን ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው በእሱ ነው። እድሩ ኦክላንድን፣ ሳን ፍራንሲስኮንና ሳን ሆዜን የያዘ ነው። ድሮ ሊቀመንበር ሲመረጥ ሁሉም ሰው ኦክላንድ፣ ቴሌግራፍ ላይ ያለ አንድ ምግብ ቤት ይጠራል። ሳን ሆዜ ያለነው ግማሾቻችን ሥራ ላይ ነን፤ የቀረነው ደግሞ በትራፊክ ስንማቅቅ ቆይተን ስንደርስ ሰው ተመራርጦ፣ በልቶ፣ እጁን ታጥቧል። በፈረንጆቹ 2008 በተካሄደው የፕሬዚዳንት ምርጫ ማግስት ሰው ሁሉ በአሜሪካ ፍቅር በሰከረበት ሰሞን ጋሽ ሙሄ ስብሰባ ላይ ተነሱ። ይህን የምታህል አገር በዚህ መንገድ ከመረጠች እኛን ምን ያቅተናል አሉ። እያንዳንዱ ከተማ ለብቻው ይምረጥ፤ ያሸነፈውን ስም አንድ ሰው ይዞ ኦክላንድ ይሂድ፤ ሦስቱ ተወካዮች ተገናኝተው የየከተማቸውን ድምፅ ይስጡ። ጭብጨባው ቀለጠ። ደንቡን ከዋሽንግተን የቀዳ ሌላ እድር በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። ለዓመታት ምንም ችግር አልገጠመንም፤ ሦስቱም ከተሞች ሁልጊዜ አንድ ሰው ነበር የሚመርጡት።

ከ2016ቱ ምርጫ በኋላ ግን ፓርኪንጋችን ተረበሸ። ያሸነፉት ሰውዬ ስለ ሙስሊምና ስለ ስደተኛ ያሉትን ሁላችንም ሰምተናል። ተሳፋሪዎቼ ኮምፒውተራቸውን አጥፈው የሚያወሩት ስለ ኤሌክተሮች ብቻ ሆነ። እድራችን እንደቀዳው፣ በዚህ አገር ሕዝቡ ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ አይመርጥም፤ የየስቴቱ ሕዝብ በስሙ ድምፅ የሚሰጡ ሰዎችን ይልካል፤ እነሱ ዲሴምበር ላይ ተሰብስበው የመጨረሻውን ቃል ይናገራሉ። እናም በጠቅላላ ድምፅ የበለጡት ሴትዮዋ ስለሆኑ፣ ሰውዬው ያሸነፉባቸው ስቴቶች ኤሌክተሮች የተላኩበትን ትተው ለሴትዮዋ ድምፅ ይስጡ የሚል ፊርማ በየስልኩ ይዞር ነበር። እኔ ወዲያው ፈረምኩ። ሊንኩን ይዤ ወደ ጋሽ ሙሄ ሄድኩ።

"ጋሽ ሙሄ፣ ፔቲሽኑን ሳይን ያድርጉ እንጂ። ስልክዎ ላይ ልላክልዎት?"

"አልፈርምም።"

"እርስዎን እኮ ነው ሰውዬው አላስገባም የሚለው።"

"እሱማ ጠፍቶኝ ነው?" አሉ፣ ቆባቸውን እያወለቁ። "ዛሬ ለእኔ ተብሎ ሕግ ቢሰበር ደስ ይለኛል። ነገ እኔው ላይ ሲሰብሩት ግን ምን ብዬ ልጮህ ነው?"

ከዚያ የሻንጣውን ነገር አመጡ። አገር ቤት የሚሄድ ሰው የሰው ዕቃ ይዞ ይሄዳል አይደል አሉኝ። ለእናቱ ጫማ የላከ ሰው አለ እንበል። ጫማውን አየሽው፣ አላማረሽም፣ እግሯንም የሚጎዳት መሰለሽ። ዱባይ ላይ በሌላ ትቀይሪዋለሽ ወይ? ጫማ ሌላ ነው አልኳቸው፤ የያዝኩት መርዝ ቢሆንስ? ቆቡን ማሽከርከር አቆሙ። መርዝ ከሆነ ለላኪው መልሺለት፣ አልይዝም በይ፤ የያዝሽ መስለሽ ሄደሽ መንገድ ላይ ግን አትድፊው አሉኝ። እኔም አልለቀቅኳቸውም። ብመልስለት፣ ላኪው ለሌላ ሰው ቢሰጠውና ያኛው ቢያደርሰውስ ብዬ ጠየቅኳቸው። ትንሽ አሰቡ። ከዚያ "ሶላቴ ደረሰ" ብለው ምንጣፋቸውን ይዘው ሄዱ።

የእድራችንም ምርጫ በዚያው ሰሞን ዋለ። ለመጀመሪያ ጊዜም ሁለት ተፎካካሪዎች ቀረቡ። አንደኛዋ ኦክላንድ የምትኖረው ነርስ ወይዘሮ አስካለ ናት። ሁለተኛው የሳን ሆዜው አቶ ጀማል ነው። ጀማል የሚለው አንድ ነገር ነበር፤ እድሩ ይከፈል፣ የሙስሊሙ ለብቻ፣ የክርስቲያኑ ለብቻ ይሁን። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። እናቱ ሲሞቱ የእድሩ ኮሚቴ እንደለመደው አዳራሽ እስኪገኝ፣ ዘመድ እስኪሰባሰብ ብሎ ቀብሩን አዘገየው። በእስልምና ሬሳ አይቆይም። ጀማል እናቱን በወቅቱ አለመቅበሩን ማንም ሊያስረሳው አልቻለም። ሳን ሆዜ ውስጥም ሕመሙን የሚያውቅለት ብዙ ሰው ነበር።

ሳን ሆዜ ተሰብስበን ድምፅ ሰጠን። እኔ አስካለን መረጥኩ፤ ጋሽ ሙሄም አስካለን። ጀማል በጥቂት ሰው አሸነፈ። ድምፁን ማን ይዞ ይሂድ ሲባል የመጀመሪያውን ስም የጠራው ራሱ ጀማል ነው። "ሙሄ ይያዝልን። ሙሄ አደራ አይበላም" አለ። ሁሉም እጁን አወጣ። ጋሽ ሙሄ ተነስተው አይሆንም ሊሉ ሲሉ ጭብጨባው ዋጣቸው።

ወዲያው ወሬው ደረሰ። ኦክላንድ አስካለን መርጧል፣ ሳን ፍራንሲስኮ ጀማልን። እድሩ ይከፈል አይከፈል የሚወስነው የሳን ሆዜ ድምፅ ሆነ፤ የሳን ሆዜ ድምፅ ደግሞ ያለው ጋሽ ሙሄ እጅ ነው።

እሑድ ዕለት ኦክላንድ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ሌላው ሲነዳ ተሳፋሪ መሆን የማይወዱት ሰው የዚያን ቀን ቁልፉን አቀበሉኝ። መንገዱን ሙሉ የወንበሩን ቀበቶ ሲፈቱና ሲያስሩ ነበር። ጀማልን ለምነውት እንደነበር ያኔ ነገሩኝ። ሌላ ሰው ላክ፣ እኔ ይሄን መሸከም አልችልም ብለውታል። ጀማልም ካንተ ወዲያ ማንን እናምናለን ብሎ መለሰላቸው። ታዲያ አይሂዱ፣ እንመለስ አልኳቸው። እኔ ብመለስ ሌላው ያደርሰዋል አሉኝ። እኔው ፓርኪንግ ውስጥ የጠየቅኳቸው ነገር ነው፤ ከእሳቸው አፍ ስሰማው ግን ደነገጥኩ። ከዚያ ስለ እትዬ በላይነሽ አነሱ። "እድሩ ከተከፈለ፣ እኔ ስሞት በላይነሽ ቀብሬ ላይ እንግዳ ልትሆን ነው" አሉ። "እሷ ስትሞትም እኔ ከጎረቤት ተርታ ልቆም ነው።"

ምግብ ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። በደንባችን መሠረት ድምፅ የሚሰጠው በአፍ ነው። ነባሩ ሊቀመንበር ኦክላንድን ጠሩ፤ አስካለ ተባለ። ሳን ፍራንሲስኮን ጠሩ፤ ጀማል ተባለ። ሳን ሆዜ ሲሉ ጋሽ ሙሄ ቀድመው ቆመዋል።

"የሳን ሆዜ ሰው የላከኝ ጀማል በል ብሎ ነው" አሉ። "እኔ አስካለ ብያለሁ።"

ሊቀመንበሩ አልገባኝም፣ ይድገሙት አሏቸው።

"ገብቶዎታል። አደራ በልቻለሁ። እንዲህ ብለው ይጻፉት።"

አደራ ተቀባዩ ሌላ ስም ቢጠራ ምን ይደረጋል የሚል ነገር ደንባችን ውስጥ የለም። ስንቀዳው ማን አሰበው? የኦክላንድ ሰዎች ግራ እንደተጋቡ ማጨብጨብ ጀመሩ፤ አስካለ ሳትፈልግ ተገፍታ ወደ ፊት ወጣች። እኔ ደስ አለኝ፤ መደበቅ አልችልም። ጋሽ ሙሄ ግን ጭብጨባው ሳያልቅ ወጥተው መኪናው አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው። ሳን ሆዜ ወሬው በስልክ ሳይደርስ እኔ ልድረስ አሉኝ።

ወደየቤቱ ዞርን። በየበሩ የሚሉት ያው ነው፤ ጀማል በል ብለህ ልከኸኝ አስካለ ብያለሁ፣ አውፍ በለኝ። አውፍ ማለት በእነሱ አነጋገር ይቅር ማለት ነው። አንዳንዱ ጮኸባቸው። አንዳንዱ ግቡ፣ ሻይ ጠጡ አለ፤ እሳቸው ግን አልገቡም። ጀማል በሩን ከፍቶ እስከ መጨረሻው አዳመጣቸውና መልሶ ዘጋው።

የባሰው ሐሰን ነበር። ሐሰን በዲቪ ከመጣ ብዙም ያልቆየ፣ ኤርፖርት የሚሠራ ሰው ነው። ሲሰማ አልተቆጣም። በሩን ደገፍ አለ።

"ጋሽ ሙሄ፣ አገሬ እያለሁ ድምፅ ሰጥቼ ተቆጥሮልኝ አያውቅም" አለ። "የዚያን ቀን ሳን ሆዜ ላይ እጄን አውጥቼ ስቆጠር ለሚስቴ ደውዬ ነው የነገርኳት። ያንንም እርስዎ በሉት።"

ጋሽ ሙሄ ቆባቸውን አውልቀው ያዙ። ሶላቴ ደረሰም አላሉም። እኔ ክንዳቸውን ይዤ ወደ መኪናው መለስኳቸው። ሐሰን አውፍ አላለም።

በዚያው ወር እውነተኞቹ ኤሌክተሮችም በየስቴታቸው ተሰበሰቡ። ጥቂቶቹ ከተላኩበት ወጡ፤ ውጤቱ ግን አልተለወጠም። ፓርኪንጉ ውስጥ ወሬውን እያነበብኩላቸው፣ ይኸው እርስዎ ያደረጉትን እነሱም አደረጉ አልኳቸው። የማጽናናቸው መስሎኝ ነበር።

"እነሱን አላውቅም" አሉኝ። "እኔ እድሩ እንዳይፈርስ ፈለግሁ፤ ከበላይነሽ እንዳልለይ ፈለግሁ። የፈለግሁትን አገኘሁ። ሌባም የፈለገውን ያገኛል።"

ከእድሩ በገዛ ፈቃዳቸው ወጡ። እንዳይከፈል ብለው ስማቸውን ያጠፉለትን እድር ጥለው ወጡ፤ እትዬ በላይነሽ ብቻቸውን አባል ሆነው ቀሩ። አስካለ ሊቀመንበር እንደሆነች መጀመሪያ የሠራችው የሙስሊም ቀብር ሳይውል ሳያድር እንዲፈጸም ማድረግ ነበር። ኮሚቴውን እንዲመራላት ጀማልን ለመነችው፤ ብዙ አስቦ እሺ አለ። በእሱ የደረሰው በሌላ ሰው ላይ ከቶ እንዳይደርስ ብሎ ነው። የምርጫው ደንብም ተቀየረ፤ አሁን ሁሉም በየስልኩ ድምፁን ይሰጣል፣ የማንንም ድምፅ የሚሸከም የለም። ይህን ሁሉ ለጋሽ ሙሄ እየነገርኩ፣ አዩ፣ ሁሉም ለበጎ ሆነ እላቸዋለሁ። ያቋርጡኛል። ጥሩ ስለወጣ ልክ ነው አትበይኝ፣ ባይወጣስ ምን ልትዪ ነበር ይላሉ።

እኔም ዕረፍት አጣሁ። ያኔ ለኤሌክተሮቹ ስፈርም ልቤ አላመነታም ነበር። ጋሽ ሙሄ አስካለ ሲሉም ከማንም በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ። ከሐሰን በር ስመለስ ግን ያ ደስታ አብሮኝ አልተመለሰም። አንዳንድ ቀን ስነዳ፣ እድሩ ተከፍሎ ቢሆን እትዬ በላይነሽ የት ይቆሙ ነበር እላለሁ፤ ልክ አደረጉ እላለሁ። ቀጥሎ ሐሰን ለሚስቱ ደውሎ የነገራት ነገር ይመጣብኛል። በሁለቱ መሃል ስመላለስ መውጫዬን ያለፍኩበት ቀን አለ፤ ተሳፋሪዎቼ እስኪጮኹብኝ ድረስ።

የሞታቸው ዕለት ሁሉንም ያሰናዳው ጀማል ነው። አባል አይደሉም ሊል ይችል ነበር፤ አላለም። አሳጠባቸው፣ አስከፈናቸው፣ በዚያው ቀን ከከተማ ወጣ ብሎ ያለው መካነ መቃብር አደረሳቸው። የሳን ሆዜ ሰዎችም መጡ። እኔ ከጠበቅሁት በላይ መጡ። ወንዶቹ ቃሬዛውን ከብበው ቆሙ፤ እኛ ሴቶች ራቅ ብለን፣ እትዬ በላይነሽን ይዘን።

ሶላቱ ሳይጀመር ሼሁ ወደ ሰዉ ዞሩ። በሙስሊም ቀብር የሟች ዕዳ አብሮት እንዳይቀበር፣ ሐቅ ያለው ሰው እንዲናገር ይጠየቃል። የሰውን ሐቅ ይቅር የሚለው ራሱ ባለሐቁ ነው። እትዬ በላይነሽ እጄን ጨበጡኝ።

"ከዚህ አይሰማኝም" አሉ። "ሂጂና ስሚልኝ። የሰማሽውን ንገሪኝ፤ እንዳትጨምሪ፣ እንዳትቀንሺ።"

ቀረብ ብዬ ቆምኩ። ሼሁ "በሙሄ ላይ ሐቅ ያለው አለ?" አሉ። ከዚያ ጀማል እጁን አወጣ።

"እኔ አለኝ" አለ። "ድምፄን ወስዶብኛል።"

ሼሁ አውፍ ትለዋለህ ወይ ብለው ጠየቁት። ጀማል ወደ ቃሬዛው ዞረ።

"የራሴን አውፍ ብያለሁ። የሳን ሆዜን ሰው ግን ወክዬ አውፍ ማለት አልችልም። እያንዳንዱ ለራሱ ይበል።"

እናም ለየራሳቸው አሉ። አንዱ አውፍ አለ፣ ሌላው ቀጠለ፣ ከኋላ ያሉትም እየተንጠራሩ አሉ። እኔ አስካለን የመረጥኩ ነኝ፤ ምኔን እንደወሰዱብኝ፣ ምኔን እንደሰጡኝ አላውቅም። ቢሆንም በሆዴ አልኩ። ድምፁ እየተዛወረ መጥቶ ሐሰን ጋ ሲደርስ ተቋረጠ። ሐሰን መሬት መሬት እያየ ቆመ። ሼሁ ትንሽ ጠበቁት፤ አላስጨነቁትም። ማንም የግድ በል አይባልም።

ወደ እትዬ በላይነሽ ተመለስኩ። ሁሉም ብለዋል ብላቸው ማን ያውቃል? ባላቸውን በሰላም ይሸኛሉ፤ እኔም የመበለት እንባ ያበስኩ ደግ ሰው እባላለሁ። ፊታቸውን ቀና አድርገው ጠበቁኝ።

"ሁሉም ብለዋል፤ ሐሰን ግን አላለም" አልኳቸው።

ያለቅሳሉ ብዬ ነበር። ነጠላቸውን አጥብቀው ወደ ወንዶቹ ሄዱ። አንድ ሁለቱ ሊያስቆሟቸው ቃጣቸው፤ ጀማል ግን ገለል ብሎ መንገድ ለቀቀላቸው። ሐሰን ፊት ደርሰው ቆሙ።

"እትዬ፣ ጋሽ ሙሄ ልክ ሠርተዋል ማለት አልችልም" አላቸው ሐሰን፣ ገና ሳይጠይቁት።

"ልክ ነው በል አላልኩህም። እሱም ልክ ነኝ ብሎ አያውቅም።"

ሐሰን ዓይኑን ወደ ቃሬዛው መለሰ።

"አውፍ ብያቸዋለሁ" አለ። "ዳግመኛ ግን አልልካቸውም።"

እትዬ በላይነሽ ያን ጊዜ ገና አለቀሱ።

"እኔም ብሆን አልልከውም" አሉት።